ፊደል ያልቆጠረችው ኔል ግዊንና የንጉሡ ወረቀት



ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነው። ኤሌኖር ግዊን ትባላለች፤ የለንደን ሕዝብ ግን በቁልምጫ ኔል ወይም ኔሊ ይላት ነበር። ስሟን እንኳ አሟልታ መጻፍ አትችልም። በተዋዋለችባቸው ሰነዶች ግርጌ የሚገኙት የስሟና የቤተሰብ ስሟ መነሻ የሆኑ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ናቸው፤ ኢ እና ጂ። ብዕር ያልለመደ እጅ እየተንቀጠቀጠ የሞነጫጨራቸው መሆናቸው ያስታውቃል። ይህች ሴት 17 ዓመት ገደማ የእንግሊዙ ንጉሥ የዳግማዊ ቻርልስ ዕቁባት ሆና ኖራለች፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወልዳለታለች።

ስለ እሷ ሲነሳ ሰው የሚያወራው ሳቋንና ምላሷን ነው። እኔ ግን የሕይወት ታሪኳን ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። መጻፍና ማንበብ የማትችለው ይህች ሴት ጎልማሳ ሕይወቷን የፈጀችው ወረቀት ስታሳድድ ነው። የቤት ሰነድ፣ የዓመት ድጎማ ትእዛዝ፣ የልጇ የማዕረግ ደብዳቤ፣ በመጨረሻም የራሷ ኑዛዜ። ለምን እንደዚያ እንደሆነች ለመረዳት የንጉሥ ዕቁባት መሆን በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ኑሮ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። አማርኛችን ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ብዙ ስም አለው። ውሽማ ስንል ከጎረቤት የሚደበቅ ነገር ይታሰበናል። ቅምጥ ስንል ሰውየው ቤት ሰጥቶ፣ ቀለብ ቆርጦ ያስቀመጣትን ሴት ማለታችን ነው። ዕቁባት ደግሞ ከነሰሎሞን ታሪክ የምናውቃት፣ በንጉሥ ቤት ቦታዋ የታወቀ ሴት ናት። የቻርልስ ሴቶች ከሦስቱም ጥቂት ጥቂት ነበራቸው። ከማንም አልተደበቁም፤ አምባሳደሮች ደጅ ይጠኗቸው ነበር። ሆኖም በእንግሊዝ ሕግም በቤተ ክርስቲያኑም ዘንድ ዕቁባት የሚባል ማዕረግ የለም። የሚወልዷቸው ልጆች ዲቃሎች ናቸው፤ ዙፋን አይወርሱም። እናቲቱም ንጉሡ ሲሰለቻት ወይም ሲሞትባት ፍርድ ቤት ቆማ ይገባኛል የምትልበት አንዳች መብት የላትም። ያላት ንጉሡ ፈርሞና አትሞ የሰጣት ብቻ ነው። ዕቁባት የሚለውን ቃል ብጠቀምም ይህን ልዩነት እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ቻርልስ አባቱ በ1649 አንገቱን ከተቀላ በኋላ በስደት ከርሞ፣ በ1660 ግንቦት 30ኛ ዓመቱን በደፈነበት ቀን ለንደን ገባ። ሲመለስ አብራው የታየችው ሴት ባርባራ ቪሊየርስ ናት። ሮጀር ፓልመር የሚባል ባል ነበራት። ንጉሡ ባሏን የካስልሜን መስፍን አድርጎ ሾመው፤ ሹመቱ ግን የሚወርሰው ከእሷ የሚወለደው ልጅ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሹመቱ በምን እንደተገኘ ለመላው አገር ማወጅ ነበር። በ1662 ንጉሡ ፖርቱጋላዊቱን ልዕልት የብራጋንዛዋን ካተሪንን ሲያገባ ባርባራን ከንግሥቲቱ የእልፍኝ እመቤቶች አንዷ ሊያደርጋት ቆረጠ። ንግሥቲቱ የሴትየዋን ስም ከዝርዝሩ ሰረዘችው። አንድ ቀን ግን ንጉሡ ራሱ እጇን ይዞ አቀረባት፤ ንግሥቲቱ ማን መሆኗን ስትረዳ ከአፍንጫዋ ደም ፈሰሰ፣ ራሷንም ስታ ወደቀች። ንጉሡ አልራራም። ከአገሯ ተከትለዋት የመጡትን ፖርቱጋላውያን አብዛኞቹን አባረረ፤ በመጨረሻ ንግሥቲቱ እጅ ሰጠች። ይህን ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችን ባርባራን እንወቅሳለን። እኔ ዋናው በደል የንጉሡ ነው ባይ ነኝ፤ ሁለቱን ሴቶች አንድ እልፍኝ ውስጥ ያፋጠጣቸው እሱ ነው።

በዚያው ዓመት ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ የባሕር ኃይል ጽሕፈት ቤት ሹም በዋይትሆል ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ሲያልፍ፣ የባርባራ የውስጥ ልብሶች ታጥበው ተሰጥተው አየ። የቀሚሶቹ ጫፍ በዳንቴል ያጌጠ ነበር። ማየቱ ደስ እንዳሰኘው በዕለት ማስታወሻው ጻፈ። የነዚህ ሴቶች ኑሮ እንዲህ ነበር፤ የታጠበ ልብሳቸው እንኳ የአገር ወሬ ነው።

ባርባራ ግን የወረቀትን ነገር አሳምራ ታውቃለች። በ1669 ከፖስታ ቤት ገቢ በዓመት 4,700 ፓውንድ እንዲከፈላት አስወሰነች። በ1670 የክሊቭላንድ ዱቼዝ ተባለች፤ ሄንሪ ስምንተኛ ያሠራው የነንሰች ቤተ መንግሥትም ተሰጣት። ከዓመታት በኋላ አፍርሳ ድንጋይና እንጨቱን ሸጠችው። ሰው እስከ ዛሬ በስስት ይወቅሳታል። ነገ የሚሆነውን የማታውቅ ሴት ቤተ መንግሥትን ከጥሬ ገንዘብ ባታስበልጠው እኔ አልፈርድባትም።

አሁን ወደ ኔል ልመለስ። የተወለደችው በ1650 እንደሆነ ይታመናል። ባርባራ የመሳፍንት ወገን ናት፤ ኔል ግን ከየትም ያልመጣች ልጅ ናት። አባቷ ገና በልጅነቷ ከሕይወቷ ጠፋ፤ እናቷ መጠጥ ያሸነፋት ሴት ነበረች። ኔል ራሷ በአንድ ጠብ መሐል ስትሰደብ፣ ያደግኩት በሴተኛ አዳሪዎች ቤት ለእንግዶች አረቄ እየቀዳሁ ነው ብላ በአደባባይ መልሳለች። ነገሩን ሰምቶ የመዘገበልን ያው ፒፕስ ነው። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ሌላ ሰው የሚደብቀውን ነገር እሷ ራሷ ቀድማ ስለተናገረችው ማንም ሊያሳፍራት አልቻለም።

የእሷን ዕድል የከፈተው ቴአትር ነው። በእንግሊዝ ከ1642 ጀምሮ ቴአትር ቤቶች በአዋጅ ተዘግተው ነበር። ከዚያ በፊትም የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ቻርልስ ሲመለስ ቴአትር ቤቶቹ ተከፈቱ፤ በ1662 ደግሞ የሴትን ቦታ ሴት ትጫወተው የሚል የንጉሥ ፈቃድ ወጣ። ቶማስ ኪሊግሩ በ1663 በድሩሪ ሌን አካባቢ የንጉሡን ቴአትር ቤት ሲከፍት፣ ብርቱካንና ጣፋጭ የመሸጡን ፈቃድ የያዘች ሜሪ ሜግስ የምትባል ሴት ነበረች። ኔል በአሥራ ሦስት ዓመቷ ገደማ ከእሷ ብርቱካን ሻጮች አንዷ ሆነች።

ሥራውን አስቡት። አዳራሹ በሻማ ይበራል፤ ሻማው ይጨሳል። ከመድረኩ በታች ባሉት አግዳሚ ወንበሮች የከተማው ወጣት መኳንንት ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ ተውኔቱ እየታየ ይጯጯሃሉ፣ ይሳደባሉ። ልጅቷ ቅርጫቷን ታቅፋ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ ትቆማለች። አንዱ ብርቱካን ስድስት ፔንስ ነው። ከብርቱካኑ ጋር መልእክት ታደርሳለች፤ ከወንበር ወደ ወንበር፣ ከወንበርም ወደ ተዋናዮቹ መልበሻ ክፍል። ለሚቀልድባት ወዲያው መልስ ከሌላት ቅርጫቷ አይራገፍም። ኔል ድምፅ ማሰማትንም፣ የሰውን ፊት ማንበብንም የተማረችው እዚህ ነው።

ቻርልስ ሃርት የተባለው ዝነኛ ተዋናይ ወደ መድረክ አወጣት፤ ፍቅረኛዋም ሆነ። ማንበብ ስለማትችል ቃለ ተውኔቱን ሌላ ሰው እያነበበላት በጆሮዋ መያዝ ነበረባት፤ ቴአትር ቤቱ ደግሞ ተውኔቱን ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ነበር። ይህ ቀላል ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በ1665 ቸነፈር ለንደንን ሲያጠቃ ቴአትር ቤቶቹ ተዘጉ፤ በ1666 ከተማዋ ተቃጠለች። በ1667 መጋቢት ግን ጆን ድራይደን በጻፈው ኮሜዲ ላይ ፍሎሪሜል የምትባለውን ቀልደኛ ሴት ተጫወተች፤ በከፊልም የወንድ ሱሪ ለብሳ ወጣች። ንጉሡም ወንድሙም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ፒፕስ በዕድሜው እንዲህ ያለ አጨዋወት አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ።

በዚያው ዓመት ግንቦት 1 ቀን ይኸው ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ ኔልን በድሩሪ ሌን ቤቷ ደጃፍ ላይ አያት። ወተት ሻጭ ልጃገረዶች ለበዓሉ የአበባ ጉንጉን በማሰሮዎቻቸው ላይ አስረው፣ ፊት ፊታቸው ቫዮሊን የሚመታ ሰው እየሄደ ይጨፍራሉ። ኔል በእጅጌዋና በጥብቆዋ ብቻ ደጃፉን ተደግፋ ታያቸዋለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በራሷ ላብ እንጀራዋን የምትበላ፣ የማንም ያልሆነች። የእሷን ታሪክ ሳነብ መቆም የምፈልገው እዚህ ገጽ ላይ ነው።

በዚያ በጋ ሎርድ ባክኸርስት የተባለ ቻርልስ ሳክቪል በዓመት 100 ፓውንድ ሊሰጣት ቃል ገብቶ ከመድረክ ወሰዳት፤ ወራት ሳይቆይ ተዋት። ተመልሳ መጣች። ቀጥሎ ዓይኑን የጣለባት ንጉሡ ነው። ከፍቅረኞቿ ሦስተኛው ቻርልስ መሆኑ ነው፤ እሷም በፊቱ ቻርልስ ሦስተኛ እያለች ትጠራው እንደነበር ይነገራል። በ1668 እሱ 38 ዓመቱ፣ እሷ 18 ዓመቷ ነበር። ጳጳሱ ጊልበርት በርኔት በታሪክ መጽሐፉ እንዳሰፈረው በመጀመሪያ በዓመት 500 ፓውንድ ጠይቃ ተከልክላለች፤ በአራት ዓመት ውስጥ ግን ከ60,000 በላይ ወስዳለች። ቁጥሩን በርኔት በወሬ የሰማው ነው፤ የሄደበት አቅጣጫ ግን እውነት ነው። በ1670 ግንቦት 8 የመጀመሪያ ልጇን ቻርልስን ወለደች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ መድረክ ተመልሳ በድራይደን ሌላ ተውኔት ላይ ታየች። የንጉሥ ልጅ እናት ለደመወዝ ስትጫወት ለንደን አየ። ብዙ ሳይቆይ ቤት ተገኘላት።

ቤቱ በፓል ማል ጎዳና ደቡብ በኩል ነው፤ የጓሮው አጥር ከንጉሡ የቅዱስ ጄምስ መናፈሻ ጋር ይዋሰናል። በ1671 መጋቢት 1 ጆን ኢቭሊን የተባለ ጨዋ ሰው ከንጉሡ ጋር በመናፈሻው ሲንሸራሸር ያየውን ጽፎልናል። ንጉሡ ከታች ሣሩ ላይ ቆሟል፤ ኔል ከላይ በአጥሯ ጫፍ ባለው መደብ ላይ ሆና ቁልቁል ታናግረዋለች። እንደ ጎረቤት ያወራሉ። ኢቭሊን በዚህ ትዕይንት ከልቡ አዘነ። ንጉሡ ከዚያ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ባርባራ ቤት ሄደ። ኔል በዚያች አጥር ላይ ቆማ ጀርባውን ስታይ ምን እንደተሰማት መገመት አይከብድም።

ቤቱ የተሰጣት በኪራይ ውል ነበር። እንደሚነገረው ሰነዱን ስታስነብበው የሊዝ ውል መሆኑን ሰምታ መልሳ ላከችው፤ እኔ ለዘውዱ አገልግሎቴን ሳልቆጥብ ሰጥቻለሁና ቤቱም እንዲሁ ይሰጠኝ አለች ይባላል። ወሬውን ተዉት፤ ሰነዱ ግን አለ። በ1676 ቤቱ ከነመሬቱ ለእሷና ለዘሯ ጸና። ርስት ሆነ ማለት ነው። በፓል ማል ደቡብ በኩል ካሉት ይዞታዎች መካከል የዘውዱ ያልሆነው እስከ ዛሬ ያ ብቻ ነው። የእሷ ቤት ፈርሶ በቦታው ሌላ ተሠርቷል፤ ከ340 ዓመት በላይ የቆየው ወረቀቱ ነው።

ስለ ሌላ ወረቀት ልንገራችሁ። በ1674 ጆን ኮክስ የተባለ ብር አንጥረኛ ለኔል አልጋ ሠርቶ ያቀረበው የሒሳብ ዝርዝር ተርፏል። በአልጋው ላይ የንጉሡ ራስ ምስል አለ፤ ንስሮች፣ አክሊሎች፣ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት አሉ። በሽቦ ገመድ ላይ የሚጨፍር ያዕቆብ ሆል የተባለ የዘመኑ ገመድ ተራማጅም አለ፤ የባርባራ ወዳጅ ነው ተብሎ ይወራ የነበረ ሰው ነው። የብሩ ክብደት ከ2,200 ወቄት በላይ ነው፤ በዛሬው ሚዛን 70 ኪሎ ግራም ገደማ። ጠቅላላ ዋጋው ከ1,100 ፓውንድ ያልፋል። ይህን ያህል ብር ለአልጋ ማፍሰስ እብደት ይመስላል። ግን በ1672 ጥር የንጉሡ ግምጃ ቤት ለአበዳሪዎቹ መክፈል አቁሞ ነበር። ትእዛዝ ተጽፎም ገንዘብ ላይመጣ ይችላል። ብር ሲቸግር ይቀልጣል፤ ተመዝኖም ይሸጣል።

ማዕረግን በተመለከተ ኔል አልቀናትም። ባርባራ ዱቼዝ ሆናለች። ሌላዋ የንጉሡ ዕቁባት፣ ፈረንሳዊቷ ሉዊዝ ደ ኬሩዋልም በ1673 የፖርትስመዝ ዱቼዝ ሆነች። ኔል እስከ ዕለተ ሞቷ ወይዘሮ ግዊን ብቻ ናት። ለልጇ ግን ታገለች። አንድ ቀን ንጉሡ ባለበት ሕፃኑን አንተ ዲቃላ ና ብላ ጠራችው፤ ንጉሡ ሲቆጣ፣ ታዲያ በሌላ በምን ልጥራው አለች ይባላል። ከዚያ በኋላ በ1676 ልጁ የበርፎርድ መስፍን፣ በ1684 ደግሞ የሴንት አልባንስ ዱክ ተባለ። የዱኩ ዘር እስከ ዛሬ አለ። የልጇን ስም ያጻፈችው የራሷን ስም መጻፍ የማትችለዋ እናት ናት።

ሉዊዝ ከፈረንሳይ የመጣች ካቶሊክ ስለነበረች ሕዝቡ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሰላይ አድርጎ ያያት ነበር። በ1681 ፓርላማው ኦክስፎርድ ላይ ሲሰበሰብ ሕዝቡ የኔልን ሠረገላ የሉዊዝ መስሎት ከበበው። ኔል ራሷን በመስኮት አውጥታ፣ እኔ ፕሮቴስታንቷ ጋለሞታ ነኝ ብላ ነገረቻቸው፤ እየሳቁ አሳለፏት ይባላል። ለሦስት መቶ ዓመት በቀልድነት ሲነገር የኖረ ነገር ነው። እኔ ውስጡ የማየው ሠረገላውን የሚያናውጥ የተቆጣ ሕዝብና ለመትረፍ ራሷን በከፋው ስም የምትጠራ ሴት ነው። ለብርቱካን ገዢዎቹ ትመልስ የነበረችው ልጅ ያኔም አብራት ነበረች።

በእነዚያ ዓመታት ሐዘን ተደራርቦባታል። በ1679 እናቷ ሰክራ ውኃ ውስጥ ወድቃ ሞተች። በ1671 የተወለደው ታናሹ ልጇ ጄምስ ለትምህርት ፓሪስ ተልኮ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው እዚያው ሞተ። እናቲቱ አልቀበረችውም።

በ1685 የካቲት መጀመሪያ ንጉሡ በድንገት ታመመ። አራት ቀን አጣጣረ። ንግሥቲቱ ልታየው ገባች፤ ጳጳሳቱም፣ ከሴቶቹ የወለዳቸው ልጆቹም ገቡ። ኔል ቤቷ ከቤተ መንግሥቱ በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ ልትገባ አልተፈቀደላትም። የካቲት 6 ቀን ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለወንድሙ ለጄምስ፣ ምስኪን ኔሊ እንዳትራብ ብሎ አደራ አለው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሴትየዋ 17 ዓመት ሙሉ የተጻፈ፣ የተፈረመ፣ የታተመ ነገር ስትፈልግ ኖረች። የንጉሡ ድጎማ ከንጉሡ ጋር ሲቋረጥ ግን ለዕለት ኑሮዋ የቀረላት ተስፋ የቃል አደራ ብቻ ሆነ። አበዳሪዎች በሯን ያንኳኩ ጀመር። ለአዲሱ ንጉሥ ለጄምስ ደብዳቤ አስጻፈች፤ እጁ የሌላ ሰው፣ ቃሉ የእሷ ነው። ጄምስ ብዙ ሰው የሚጠላው ንጉሥ ነበር፤ በኔል ነገር ግን አደራውን አልበላም። ከ700 ፓውንድ በላይ ዕዳዋን ከፈለላት፣ በኖቲንግሃምሺር ያለውን የቤስትዉድ ርስቷን ከወለድ አገድ አስለቀቀላት፣ በዓመት 1,500 ፓውንድም ቆረጠላት።

ብዙ አልኖረችም። በ1687 መጋቢት አንጎሏን መታትና ግማሽ ጎኗ ደነዘዘ፤ ግንቦት ላይ ደገማት። ሐምሌ ላይ ኑዛዜ አስጻፈች፤ ጥቅምት 18 ቀን ተጨማሪ ቃል አከለችበት። ኅዳር 14 ቀን አረፈች። ዕድሜዋ 37 ነበር። የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ቶማስ ቴኒሰን በቀብሯ ላይ ስብከት አሰማላት። ለእንዲህ ያለች ሴት መስበኩን ከሹመት ሊያስቀሩበት የሞከሩ ነበሩ፤ እሱ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነ።

ያንን ተጨማሪ ቃል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለአጥቢያዋ ድሆች 100 ፓውንድ ትተዋለች፤ በዕዳ የታሠሩትን ማስፈቻና ለክረምቱ የልብስ መግዣ እንዲሆን። ፕሮቴስታንቷ ጋለሞታ ነኝ ያለችው ሴት፣ በሃይማኖት ከሚለዩኝም ጋር ፍቅሬን ለማሳየት ብላ ለካቶሊክ ድሆች 50 ፓውንድ ትተዋለች። አስታማሚዎቿንና አገልጋዮቿንም አልረሳችም። ልጇ ዱኩ ደግሞ በየዓመቱ 20 ፓውንድ እያወጣ በዕዳ የታሠሩ ድሆችን ከእስር እንዲያስፈታ ትጠይቀዋለች። ቀኑንም ወስናለች፤ በየዓመቱ የገና ዕለት። ፓሪስ ላይ የሞተው ጄምስ የተወለደው በ1671 የገና ዕለት ነው።